አዲስ የንግድ ሥራ ሳይጀመር አስቀድሞ ሐሳብን ስለ ማጥራት

ጤፍ የሚዘራ የጐጃም ገበሬ ዘሩን ከመበተኑ በፊት መሬቱን አራትና አምስት ጊዜ ያርሳል። መጀመሪያ ይገምሰዋል፤ ከዚያም ይደግመዋል፤ ይሠልሰዋል፤ አፈሩ እስኪልም ድረስ አይተወውም። ባልታረሰ መሬት ላይ ዘሩን የሚበትን ገበሬ ቢገኝ ጎረቤቶቹ ሁሉ አእምሮው እንደ ተነካ ይቈጥሩታል። ነገር ግን ይኸው አስተዋይ ገበሬ፣ ወይም ልጁ፣ ወይም በከተማ የተቀመጠው ዘመዱ፣ ወፍጮ ለመትከል፣ በርበሬ ለመነገድ ወይም ከብት ለማድለብ በተነሣ ጊዜ የብዙ ዓመት ጥሪቱን ባንድ ቀን አውጥቶ ባልታረሰ ሐሳብ ላይ ሲበትነው ይታያል። ገንዘብ ዘር ነው፤ ሐሳብም እርሻው ነው። ሐሳቡ ሳይገመስና ሳይደገም ገንዘቡ የተበተነ እንደ ሆነ የሚበቅለው ዕዳ ነው።

ይህ ነገር የነጋዴው ብቻ ጉዳይ አይደለም። አገር እንዲያስተዳድሩ የተሾሙ ሰዎች ቦታ ይመራሉ፤ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ወጣቶችን በማኅበር ያደራጃሉ፤ ብድር እንዲሰጣቸውም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ባለይዞታውም መሬቱን ለሌላ ሰው ያከራያል ወይም በእኩል ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ያልተጣራ ሐሳብ ይዞ ሥራ ጀምሮ ቢወድቅ ብቻውን አይወድቅም። ታጥሮ ጦም ያደረ መሬት፣ ካሣውን ተቀብሎ የጨረሰ ገበሬ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ በመሆን የተያያዘ የወጣቶች ዕዳ ይከተሉታል። እንግዲህ የነጋዴው ሐሳብ የጠራ መሆኑን መጠየቅ ከሹም ሥራ አንዱ ነው።

የአገሩ ሁኔታ

ምዕራብ ጐጃም ብዙ የሥራ ሐሳብ የሚፈልቅበት አገር ነው። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ፣ በወንበርማና በደምበጫ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ ኑግና በርበሬ ይበቅላል፤ ወደ ደጋ ዳሞት ሲወጡም ገብስና ድንች ይገኛል። ስሙ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም የዞኑ ዋና ከተማ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ዋና መንገድ ላይ ይገኛል። ቡሬም በዚሁ መንገድ ላይ ሆና፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚለይባት ከተማ ናት። እህል የሞላበትና ሦስት መንገድ የሚገናኝበት አገር ለነጋዴ ዐይን ያማረ ነው። ሆኖም የአገሩ ማማር ሐሳብን አያጠራም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሰው በታኅሣሥ ገበያ እህሉ ተከምሮ ባየ ጊዜ፣ በሐምሌም እንደዚያው ተከምሮ የሚያገኘው ይመስለዋልና።

የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች በዚህ አይታለሉም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በጐጃም በባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጋር ይለዋወጥ ነበር። ነጋዴውም ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዓባይ በክረምት ሲሞላ ስለማይሻገር የጉዞውን ወራት ይለያል፤ በየኬላው የሚከፍለውን ቀረጥ ይቈጥራል፤ አሞሌው በሚመነዘርበት ቦታ ሁሉ ዋጋው እንደሚለያይ ያስባል፤ ከአጋሰሶቹም በመንገድ የሚያልቁትን ይገምታል። ይህንን ሁሉ በወረቀት ባይጽፈው በልቡ ጽፎ ይዞት ይሄድ ነበር። የዛሬው ንግድ ግን መኪና፣ መብራት፣ ባንክ፣ ግብርና የውጭ ምንዛሬ ስለ ገባበት ክፍሉ በዝቷል፤ በልብ ብቻ የሚያዝ አይደለም።

ምኞትና ሐሳብ የተለያዩ ስለ መሆናቸው

አንድ ሰው «በርበሬ ልነግድ ነው» ቢል ምኞቱን ተናገረ እንጂ ሐሳቡን ገና አልተናገረም። ሐሳብ የሚሆነው ነገሩ እንዲህ ተብሎ ሲነገር ነው፤ «ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ገበሬዎች ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ 200 ኩንታል ደረቅ በርበሬ እገዛለሁ፤ የሻገተውንና የነጣውን ለይቼ፣ ዛላውን አጽድቼ፣ እርጥበት በማይነካው ጎተራ አኖረዋለሁ፤ ከየካቲት ጀምሮ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ሦስት የባልትና ቤቶች በየወሩ እየከፈልሁ እሸጣለሁ።» በዚህ አነጋገር ውስጥ ዕቃው፣ መጠኑ፣ ወራቱ፣ የሚሠራው ሥራና ገዢው ተለይተዋል። እያንዳንዱም ቃል ሊመረመር ይችላል። 200 ኩንታል በእርግጥ ይገኛልን? ጎተራው የማን ነው? የባልትና ቤቶቹስ ቃል ሰጥተዋልን? ተብሎ ይጠየቃል። ምኞትን ግን ማንም ሊመረምረው አይችልም፤ ስለዚህም የሚወዱት ሁሉ ያደንቁታል፤ ኪሣራውም ከመጣ በኋላ ብቻ ጉድለቱ ይታወቃል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሐሳብን ለማጥራት አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አራቱም በቍጥር መመለስ አለባቸው።

1ኛ፤ ዕቃው ከየት ይመጣል?

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጥ፣ ጥቂት ሰዎች ተባብረው በፍኖተ ሰላም ትንሽ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሊተክሉ አሰቡ እንበል። መኪናው በቀን 10 ኩንታል ኑግ ይጨምቃል፤ በዓመትም 250 ቀን ይሠራል ቢባል፣ 2,500 ኩንታል ኑግ ያስፈልጋል። ከአንድ ሄክታር 8 ኩንታል ቢገኝ፣ ይህን ለማግኘት ከ310 ሄክታር በላይ መዘራት አለበት። አንድ ገበሬ ለኑግ የሚተርፈው መሬት ሩብ ሄክታር ቢሆን ደግሞ፣ ሥራው 1,250 ገበሬዎችን ይፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ «መኪና እንግዛ» ከማለት በፊት የሚጠየቀው፣ ይህን ያህል ገበሬ በስንት ቀበሌ ይገኛል፣ ዛሬ ኑጉን ለማን ይሸጣል፣ እኛስ ከዚያ ገዢ የምንበልጠው በምንድን ነው የሚል ነው።

ይኸው ስሌት ለታላቁም ፋብሪካ ያገለግላል። በ2013 ዓ.ም በቡሬ የተመረቀው ፊቤላ የተባለው የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት ለማምረት እንዲችል ሆኖ እንደ ተሠራ በምረቃው ጊዜ ተነግሯል። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ይህ በቀን 13,800 ኩንታል ዘይት ነው። ከአንድ ኩንታል ኑግ 35 ኪሎ ዘይት ቢወጣ በቀን ከ39,000 ኩንታል በላይ ኑግ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ሄክታር 10 ኩንታል ቢገኝና ፋብሪካው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ ለዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር የበለጠ መሬት በኑግ መሸፈን አለበት። ይህም በመላው ኢትዮጵያ የቅባት እህል ሁሉ ተደምሮ ከሚዘራበት መሬት የሚያንስ አይደለም።

ይህን ስሌት በወረቀት ያደረገ ሰው፣ እንደዚህ ያለ ፋብሪካ ሥራውን በአገር ኑግ ብቻ ሊጀምር እንደማይችል ወዲያው ያስተውላል። እንዲሁም ሆነ፤ ፋብሪካው ከውጭ የሚመጣውን ድፍድፍ የፓልም ዘይት ማጣራት ያዘ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ አገር እንዲህ ይሠራል። ነገር ግን ድፍድፉ ከጅቡቲ ወደብ ቡሬ እስኪደርስ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይጓዛል፤ የሚገዛውም በውጭ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የቡሬ ፋብሪካ ዕድል ከቡሬ እርሻ ይልቅ በባንክ በሚገኘው የውጭ ምንዛሬ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዕቃውን ከውጭ የሚያመጣ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ለውጥ አስቀድሞ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ይገባዋል።

2ኛ፤ ማን ይገዛል?

ብዙ ሰው ምርት ካለ ገዢ አይጠፋም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከባድ ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜ አለ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም በኢትዮጵያ የበቆሎው ምርት እጅግ አማረ፤ ገበሬው ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር በብድር ወስዶ ነበርና። ነገር ግን ያን ሁሉ በቆሎ የሚገዛ፣ የሚያከማችና ወደ ሌላ አገር የሚልክ አልተዘጋጀም ነበር። ዋጋው ወጪውን የማይመልስ እስኪሆን ድረስ ወደቀ፤ ብዙ ገበሬም የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል ተቸገረ፤ በሚቀጥለውም ክረምት የሚገዛውን ማዳበሪያ ቀነሰ። በዚያው በ1994 ዓ.ም ክረምት ዝናብ በብዙ አውራጃ ስላነሰ፣ በ1995 ዓ.ም አገሪቱ ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ለመነች። ሁለት ዓመት ሙሉ እህል ተርፎ ዋጋ ባጣበት አገር፣ በሦስተኛው ዓመት እህል ታጣ። ጉድለቱ የእርሻ አልነበረም፤ ገዢውንና ጎተራውን አስቀድሞ ያለማሰብ ነበር።

ገዢን ማወቅ ማለት ስሙን ብቻ ማወቅ አይደለም፤ የሚቀበለውንና የማይቀበለውን ዕቃ ለይቶ ማወቅ ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ዕቃውን አይቀበሉም። ይህ መርዝ የሚመጣው በርበሬው በእርጥብ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ ሲረጭበትና ሳይደርቅ በጆንያ ሲታመቅ ነው። እንግዲህ ወደ ውጭ አገር በርበሬ ለመላክ ያሰበ ሰው ሥራው የሚጀምረው ከገበሬው የማስጫ ቦታ እንጂ ከጉምሩክ አይደለም። ይህን ያልጻፈ ሐሳብ፣ ዕቃው ወደብ ደርሶ በተመለሰ ጊዜ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ግን ጊዜው አልፏል።

3ኛ፤ ገንዘቡ ስንት ቀን ተይዞ ይቈያል?

ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የመኪናውን ዋጋ ብቻ መነሻ ገንዘብ አድርገው በመቍጠር ነው። ወደ ኑጉ መጭመቂያ እንመለስ። ኑግ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ በርካሽ የሚገኘውም እስከ መጋቢት ድረስ ነው። መኪናው ግን ዓመቱን ሙሉ መሥራት አለበት። ስለዚህ 2,500ውን ኩንታል በአራት ወር ውስጥ ገዝቶ ማከማቸት ግድ ይሆናል። በእነዚህ አራት ወራት የሚጨመቀው የዓመቱ ሢሶ፣ ማለት 833 ኩንታል ያህል ነው፤ የቀረው 1,667 ኩንታል በጎተራ ይቀመጣል። ለስሌት ያህል አንድ ኩንታል 5,000 ብር ቢባል፣ ከ8 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ በጆንያ ታስሮ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ መኪናው ከተገዛ በኋላ የሚፈለግ ነው። ጥሪታቸውን ሁሉ ለመኪናው ያወጡ ሰዎች መኪናው ቆሞ፣ ኑጉም በሌላ ሰው ሲገዛ ቆመው የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ የሚወጣው ዕቃ ዘይት ብቻ አይደለም። ከአንድ ኩንታል ኑግ 30 ኪሎ ዘይት ቢወጣ፣ ከዓመቱ ሥራ 75,000 ኪሎ ዘይትና ከ1,600 ኩንታል በላይ ፋጉሎ ይገኛል። ፋጉሎውን ከብት የሚያደልቡና ላም የሚያልቡ ሰዎች ይፈልጉታል። ብዙ ጊዜ የዘይቱ ዋጋ ወጪውን ይሸፍናል፤ ትርፉ ግን በፋጉሎው ላይ ይገኛል። ፋጉሎውን ሳይቈጥር የሚጀምር ሰው ደህና የሆነውን ሥራ ኪሣራ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል። ሐሳብን ማጥራት ከመጥፎ ሥራ የሚያድን ብቻ ሳይሆን ደጉን ሥራ የሚያሳይ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

4ኛ፤ ሥራውን የሚያቆመው ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ስሌት «ሁሉ ደህና ቢሆን» በሚል ላይ የተሠራ ነው። ሁሉ ደህና የማይሆንበት ቀን ግን ይመጣል። መብራት በየሳምንቱ ለሁለት ቀንና ለሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ 250ው የሥራ ቀን 150 ይሆናል፤ የቤቱ ኪራይ፣ የዘበኛው ደመወዝና የብድሩ ወለድ ግን አይቀንስም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው የጦር ግጭት መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበትና ገበያ ያልቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። ነጋዴ ይህን ሊያስቀር አይችልም፤ ነገር ግን ዕቃው ለአንድ ወር ሳይሸጥ ቢቀመጥ ይበላሻል ወይስ አይበላሽም፣ ለአንድ ወር የሚበቃ መጠባበቂያ ገንዘብ አለ ወይስ የለም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ድንችና ወተት አይታገሡም፤ በቆሎና ኑግ ይታገሣሉ። መንገድ በማይታመንበት ጊዜ የሚታገሥ ዕቃ መምረጥ ራሱ ጥበብ ነው።

የሕጉም ነገር በዚህ ክፍል ይገባል። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ጀምሮ የገጠር መሬት በግል የሚሸጥና የሚለወጥ አይደለም፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ በአማራ ክልልም ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ለባለይዞታዎች የይዞታ ደብተር ተሰጥቷል። ስለዚህ መሬት ተከራይቶ ለመሥራት ያሰበ ሰው በቃል ስምምነት አይጀምር፤ ባለይዞታውም በቃል አይስጥ። ውሉ ተጽፎ፣ ዘመኑና ኪራዩ ተለይቶ፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ሥራውም በግል ይሁን፣ በ1243/2013 በወጣው የንግድ ሕግ በተፈቀደው ባለአንድ አባል ማኅበር ይሁን፣ ወይስ በ985/2009 አዋጅ መሠረት በኅብረት ሥራ ማኅበር ይሁን፣ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት ይወሰን። ከተዋጣ በኋላ የሚደረግ ክርክር ከወንድማማች ጠብ ይከፋል።

በውጭ አገር ስለ ተደረገ አንድ ታላቅ ስሕተት

ሐሳብን ሳያጠሩ መጀመር የድኃ አገር ስሕተት ብቻ እንዳይመስል፣ የእንግሊዝ መንግሥት በታንጋኒካ፣ ማለት በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ያደረገውን ማስታወስ ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የምግብ ዘይት ስለ ጠፋ፣ በ1938 ዓ.ም መርማሪዎች ወደዚያ ተላኩ፤ እነርሱም በጥቂት ሳምንታት፣ ከፊሉንም አገር ከአውሮፕላን እያዩ፣ ወደ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት ተመንጥሮ ኦቾሎኒ ሊዘራበት ይችላል ብለው ጻፉ። መንግሥቱም ተቀበለው። ብዙ የእርሻ መኪና ተጓጓዘ፤ ሥራውም ኮንግዋ በተባለው ቦታ ተጀመረ።

ነገር ግን አገሩ ዝናብ የሚያንሰው ነበር፤ አፈሩም በበጋ እንደ ጡብ የሚደርቅ ሸክላ ስለ ሆነ፣ ኦቾሎኒውን ከመሬት ማውጣት አስቸጋሪ ሆነ። መኪኖቹ በግንዱና በሥሩ ተሰበሩ፤ ዕቃ የሚያመላልሰው የባቡር መንገድና ወደቡም ለዚያ ሁሉ ሸክም አልበቃም። በዚያ የሚኖረው የጎጎ ሕዝብ አገሩ ድርቅና ረኃብ የሚደጋግመው መሆኑን ከአያት ከቅድመ አያት ያውቅ ነበር፤ ከምክሩ ግን የተጠቀመ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም ሥራው ተተወ፤ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ገንዘብም ጠፋ። የገንዘብ፣ የመኪናና የተማረ ሰው ችግር አልነበረም። የጐደለው አንድ ነገር ነበር፤ በትንሽ መሬት ላይ ለሁለት ዓመት ዘርቶ ማየት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በኮንግዋ የፈሰሰው ግን የተለቀመ አልሆነም።

በትንሹ ስለ መሞከር

ከላይ የተጻፉት አራት ጥያቄዎች በወረቀት ከተመለሱ በኋላ፣ መልሱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው በሙከራ ነው። የኑግ መጭመቂያ ያሰቡት ሰዎች መኪና ሳይገዙ 20 ኩንታል ኑግ ገዝተው በሌላ ሰው መኪና በኪራይ ያስጨምቁት። ከኩንታሉ በእርግጥ ስንት ኪሎ ዘይት እንደ ወጣ፣ ዘይቱ በስንት ቀን እንደ ተሸጠ፣ ፋጉሎውን ማን እንደ ፈለገው ይጻፉ። በርበሬ ሊነግድ ያሰበውም 5 ኩንታል አጽድቶ ለባልትና ቤቶቹ ይላክና ሁለተኛ ጊዜ ይጠይቁት እንደ ሆነ ይይ። ከብት ሊያደልብ ያሰበው ለፋሲካ ሁለት በሬ ያድልብ። ሙከራው ባይሳካ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ የሚገኘው ዕውቀት ግን ብዙ ነው። ሙከራው ከተሳካም አበዳሪው ባንክ ከማናቸውም ደብዳቤ ይልቅ ይህን መዝገብ ያምናል።

በቡሬ የተሠራው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ የኢንዱስትሪ ፓርክም ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም። ይህ ፓርክ በቡልቡላ፣ በይርጋዓለምና በባዕከር ከታቀዱት ጋር አራተኛ ሆኖ የታሰበ ሲሆን በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። ሲታቀድ በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው እርሻ እንዲመግበው ታስቧል፤ ለዚህም እንደ ፍኖተ ሰላም፣ እንደ ዳንግላና እንደ እንጅባራ ባሉ ከተሞች ምርቱ የሚሰበሰብባቸው፣ የሚለይባቸውና የሚከማችባቸው የገጠር ሽግግር ማዕከላት በዕቅዱ ገብተዋል። ዕቃው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ ተጠይቋል። ነገር ግን መንግሥት የጠየቀው ጥያቄ በፓርኩ ውስጥ ቦታ ለሚወስደው ለእያንዳንዱ ነጋዴ መልስ አይሆንም። ድንች የሚጠብስም፣ ወተት የሚያሽግም፣ በቆሎ የሚፈጭም የራሱን ኩንታል፣ የራሱን ወራትና የራሱን ገዢ መቍጠር ይገባዋል። የተዘጋጀ ግቢና የተዘረጋ መብራት የታረሰ መሬት ነው እንጂ የተዘራ እህል አይደለም።

የሹማምንትና የባለይዞታዎች ድርሻ

አንድ ሹም ቦታ ከመምራቱ ወይም ማኅበር ከማደራጀቱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጠይቅ። በወረቀቱም ላይ ስድስት ነገር ይጻፍ፤ የሚሠራው ሥራ ባንድ ዓረፍተ ነገር፤ የሚያስፈልገው ዕቃ በኩንታልና የሚመጣበት ቀበሌ፤ የገዢው ማንነትና የሚፈልገው ዓይነት፤ ለመሣሪያ የሚወጣውና በዕቃ ታስሮ የሚቈየው ገንዘብ ተለያይቶ፤ ሥራውን የሚያቆመው ችግርና መጠባበቂያው፤ የተደረገው ሙከራና የተገኘው ውጤት። ይህን ሊመልስ የማይችል ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐሳቡ ገና ያልበሰለ ነው። እንዲበስል አንድ ወቅት ይሰጠው እንጂ አይባረር።

በሌላ በኩል ይህ ወረቀት አዲስ ኬላ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፊርማና ማኅተም ለመሰብሰብ ሰውን ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚያመላልስ ከሆነ፣ ወይም አንድ ጸሐፊ በገንዘብ ለሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚጽፈው ከሆነ፣ ያለመኖሩ ይሻላል። ወረቀቱን ባለሐሳቡ ራሱ ይጻፈው፤ መጻፍ የማይችልም ይናገረውና ልጁ ይጻፍለት። ሹሙም በዓመቱ መጨረሻ የተደራጁትን ማኅበራት ቍጥር ለበላይ ለማሳየት ሲል ወጣቶችን ባልታሰበ ሥራ ላይ አያስቸኩላቸው። በመዝገብ ላይ ሃያ ማኅበር ከመቍጠርና ከዓመት በኋላ አሥራ ስምንቱን ከመሰረዝ፣ አምስት አቋቁሞ አራቱን በሥራ ላይ ማግኘት ለወረዳው ይበጃል።

ባለይዞታውም መሬቱን ለአዲስ ሥራ ሲያከራይ የኪራዩን ብዛት ብቻ አይመልከት። ተከራዩ በመሬቱ ላይ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ ሥራው ባይሳካ መሬቱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስለት ይጠይቅ። የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ ተቀብሎ የሁለተኛውን ከሚያጣ ሰው፣ መጠነኛ ኪራይ ለብዙ ዓመት የሚቀበለው ይሻላል።

ለዚህ ሁሉ የሚመቸው ወራት ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙም ሙላት ነው፤ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ገበሬው ዘርቶ አረሙን ይጠብቃል። ነጋዴው በእነዚህ ወራት ተቀምጦ ይቍጠር፤ በመስከረምና በጥቅምት በቀበሌዎቹ ዞሮ የቈጠረውን ከገበሬው ጋር ያመሳክር፤ በኅዳር አዲሱ እህል ሲገባ በትንሹ ይሞክር። የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ያን አንድ ገጽ ወረቀት በፋይል ያስቀምጥና በሚቀጥለው ክረምት አውጥቶ፣ የታሰበውንና የሆነውን ጎን ለጎን ይጻፍበት። በሦስት ዓመት ውስጥ ወረዳው ከሌላ ከማንም የማያገኘው መጽሐፍ ይኖረዋል፤ በዚያ አገር ምን ዓይነት ሥራ እንደሚጸናና ምን ዓይነቱ እንደሚወድቅ ለሚቀጥለው ባለሐሳብ ይነግረዋል።